በደረቁ ዳርቻ የጠፋው ስልክ

ስልኩ ትራሱ ሥር አልነበረም።

ወይዘሮ ፋንታዬ ትራሱን ገለበጡ። አንሶላውን ገፈፉ። ፍራሹን ሊያነሱ ሞከሩና ከበዳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ናርዲን ጠሩ። ናርዲ ከባሕር ተመልሳ በረንዳው ላይ እግሯን ትታጠብ ነበር። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ውሃውን ሳትዘጋ ገባች።

የጠፋው የሊውል ስልክ ነው። ሊውል የወይዘሮ ፋንታዬ የበኩር ልጅ ነበር። ባለፈው ኅዳር ለሽርሽር መጥቶ እዚሁ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ስልኩ አሸዋው ላይ፣ ከጫማው ውስጥ ተገኘ። የከተማዋ ፖሊስ ጣቢያ «ቤተሰብ ቀርቦ ፈርሞ ይውሰድ» ብሎ አስቀመጠው። የኮሮና ክትባት መጥቶ መንገድ ሲከፈት፣ እንደ ፈረንጆቹ በሚያዝያ 2021፣ እናት ከላስ ቬጋስ ድረስ መጥተው ተረከቡት። ያንን ሌሊት ትራሳቸው ሥር አድርገውት አደሩ። አሁን የለም።

ሴትዮዋ ከዚያ ስልክ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሊውል በሞተበት ቀን ጠዋት ደውሎላቸው ባሕር ሲገባ ቪዲዮ እንደሚልክላቸው ነግሯቸዋል። ባሕሩ ዳር ኔትወርክ የለም፤ ቪዲዮው አልደረሰም። ስልኩ ውስጥ ግን አለ ብለው ያምናሉ። ልጃቸው በሕይወት ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀው እዚያ ውስጥ ነው። ናርዲ ስልኩን ቻርጅ አድርጋ አብርታዋለች። የቀራት የመክፈቻውን ቁጥር መገመት ነበር። ከሰዓት በኋላ እሞክራለሁ ስትል ቁርስ ላይ የነበረው ሁሉ ሰምቷታል።

ቁርስ ላይ የነበሩት አምስት ናቸው። እናትና ልጅ፤ የሊውል ጓደኞች ዳጊና አድናን፤ አምስተኛው ኃይለማርያም።

ኃይለማርያም ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ የወንጀል መርማሪ ነበር። ዲቪ ደርሶት ቬጋስ ከገባ ወዲህ ታክሲ ይነዳል። ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር ከወይዘሮ ፋንታዬ ጋር ጎረቤት ናቸው፤ ለጉዞው አብሯቸው የመጣውም ለዚህ ነው። የቁማር ከተማ እየኖረ የቁማር ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ አያውቅም። ተሳፋሪ በር ላይ አውርዶ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በዚህም ይኮራል፤ ማንም ሳይጠይቀው ይናገረዋል።

«ማንም ከግቢ እንዳይወጣ» አለ ወዲያው። ድምፁ ድሮ ጣቢያ ውስጥ የነበረው ድምፅ ሆነ። ደስ ያለውም ይመስል ነበር፤ በኋላ ከሚያፍርባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከተማዋ ፑንታ ሴካ ትባላለች፤ በፖርቶ ሪኮ ደሴት ደቡብ ዳርቻ የተቀመጠች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ። ደሴት ሲባል ሰው አረንጓዴ ይጠብቃል። እዚህ ግን ዝናቡ ከተራራው ወዲያ ማዶ ይቀራል። ኮረብታው ቡናማ ነው። ቁልቋሉ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ወርዷል፤ ፍየሎች በእሾሁ መሃል ይለቅማሉ። ወይዘሮ ፋንታዬ ሲደርሱ ዙሪያውን አይተው፣ አዋሽን ባሕር ዳር ያመጡት ነው የሚመስለው ብለው ነበር። ቱሪስት ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ሱቅ አንድ፣ የእንጨት ጀልባ መቆሚያ አንድ፣ በቀትር መንገድ ላይ ሰው የለም።

ሌባ ከውጭ መጥቷል ለማለት ይከብዳል። ኃይለማርያም ግን ከውጭ ጀመረ። የእንግዳ ማረፊያዋን የምታጸዳው ሴት ጠዋት ሠርታ ሄዳለች። የማረፊያዋ ባለቤት የሆነችው አሮጊት ሐኪም ቤት ነበረች። ከተመለሰች በኋላ በረንዳው ጥግ ላይ ካሜራ እንዳለ የነገረቻቸው እሷ ናት። የጣቢያው ፖሊስ፣ ሪቬራ የምትባል ሳጅን፣ መጥታ ምስሉን ከእነርሱ ጋር ተመለከተች።

ቀትር ነው። አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ብቅ ይላል። የማረፊያውን ባለመስመር ፎጣ ከፀሐዩ ጭንቅላቱ ላይ ጥሏል። ማስክ አድርጓል። ወደ ወይዘሮ ፋንታዬ ክፍል ይገባል። ሲወጣ እጆቹ ባዶ ናቸው፤ የሰፊው ቁምጣው ኪስ ግን ወጠር ብሏል። በሩ ላይ ቆም ይላል። ከዚያ እጆቹን ከደረቱ ፊት አንድ ጊዜ በቀስታ አጨብጭቦ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች ገልብጦ ያሳያል። ማንም የለም። ይሄዳል።

«ምን ማድረጉ ነው? ለማን ነው የሚያሳየው?» አለች ሪቬራ።

 ዳጊ የገዛውን የበረዶ ከረጢት እንደታቀፈ ቆሞ ነበር፤ ውሃው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ናርዲ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ፕሬይ ሲያደርግ አይመስልም?» አለች። ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ገና ሃያ አንድ አልሞላትም። «አድናን ሰግዶ ሲጨርስ እንደዚህ እጁን ያደርጋል።»

ልጅቷ ያየችውን ነው የተናገረችው። ክፉ አላሰበችም። ግን ሁሉም ዞሮ አድናንን አየው።

አድናን ቀጭን ነው፤ ረጅም ነው። ዳጊም እንዲሁ። ዳጊ ግን ማንም የማይጠረጥረው ሰው ነበር። የሊውልን ሬሳ ሳጥን የተሸከመ እሱ ነው። ለወይዘሮ ፋንታዬ አስቤዛ የሚያመጣ፣ ቀጠሮ የሚያደርሳቸው፣ ከካዚኖ ሥራው በየሺፍቱ መሃል የሚደውልላቸው እሱ ነው። በኅዳር ከሊውል ጋር አብሮ ስለነበረ ቦታውን ያውቃል ብለው ለዚህ ጉዞ የጠሩትም ራሳቸው ናቸው። የኅዳሩን ነገር ሲጠየቅ፣ ውሃ ልገዛ ሱቅ ሄጄ ስመለስ አጣሁት ይላል፤ ይህንንም ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው።

ኃይለማርያም አድናንን በረንዳው ላይ አስቀመጠው።

«ቀትር ላይ የት ነበርክ?»

«ክፍሌ። እየሰገድኩ።»

«ማን አየህ?»

«አላህ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው አልነበረም። እናንተ ባሕር ወርዳችኋል፤ ዳጊ በረዶ ሊገዛ ወጥቷል።»

«ስልኩ ውስጥ እናትየዋ እንዲያዩት የማትፈልገው ነገር አለ?»

አድናን ዝም አለ። ኃይለማርያም ያንን ዝምታ ያውቀዋል። ሃያ ዓመት የኖረበት እንጀራው ነበር። ጠበቀ።

«አለ» አለ አድናን በመጨረሻ። ሊውል ወደዚህ ሊመጣ ሲነሳ፣ ወረርሽኝ ነው ቅር ብሎ ለምኖታል። ሊውል ሳቀበት። ተጣሉ። አድናን ተናዶ መልእክት ጻፈለት፤ «ሂድ፣ እዚያው ቅር» ይላል። ከሦስት ቀን በኋላ ሊውል እዚያው ቀረ።

«እማማ ያንን እንዲያነቡ አልፈልግም። ግን ስልኩን አልወሰድኩም።»

ለኃይለማርያም ነገሩ አለቀለት። ምክንያት አለ፤ የሚመሰክርለት የለም፤ የእጁ ልማድ ካሜራ ላይ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ድሮ ለምልምል መርማሪዎች የሚያስተምር ሰው፣ ያን ቀን ራሱ ረሳው። ሻንጣህን አምጣ አለው።

አድናን አምጥቶ በወይዘሮ ፋንታዬ ፊት ገለበጠው። ሸሚዞቹ፣ መድኃኒቱ፣ የውስጥ ልብሱ በረንዳው ላይ ተዘረገፉ። መስገጃውን አራግፎ አሳየ። ምንም የለም። ባሕር ውስጥ ወርውሮታል ማለት ነዋ፣ አለ ኃይለማርያም ጮክ ብሎ። ሪቬራ በጥርጣሬ ብቻ ሰው አልይዝም ብላ ሄደች።

«ልጁን ተዉት» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። ሌላ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ዓይናቸው ባሕሩ ላይ ነበር።

አድናን ዕቃውን አንድ ባንድ ለቀመ። ማንም ጎንበስ ብሎ አላገዘውም። ያንኑ ዕለት መኪና ጠርቶ ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ሄደ። ናርዲ ከኋላው ጠርታው ነበር፤ አልዞረም።

ቬጋስ ተመለሱ። ሰው ሁሉ ሰማ። አድናን ወይዘሮ ፋንታዬ ደጅ መምጣት ተወ። ኃይለማርያም ሥራውን ቀጠለ፤ ሲጠይቁት፣ ነገሩን ደርሼበታለሁ፣ ማስረጃው ግን ባሕር ገብቷል እያለ ይመልስ ነበር። ደርሶበት ከሆነ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳው ግን አልገባውም። ወይዘሮ ፋንታዬ ከዚያ ወዲህ ምንም አይጠይቁትም። ያ ከወቀሳ በላይ ከበደው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ቱሪስት ካዚኖ በር ላይ አወረደ። ትንሽ ነድቶ ወደ ኋላ ሲያይ ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ተመለሰ። በረኛው፣ ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብታለች፣ ራስህ አድርስላት አለው። ኃይለማርያም አመነታ። ከዚያ ማስኩን አስተካክሎ፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ በኖረበት ዘመን ሁሉ ያልረገጠውን ምንጣፍ ረገጠ።

አሮጊቷን ካርታ ከሚጫወቱበት ጠረጴዛ ፊት አገኛት። ቦርሳዋን ሲሰጣት፣ ከመከለያው ፕላስቲክ ወዲያ ካርታ የምታድለው ዲለር ተራዋን ጨርሳ ለሌላዋ ልትለቅ ነበር። ከመነሳቷ በፊት እጆቿን ከደረቷ ፊት አንድ ጊዜ በቀስታ አጨበጨበች። መዳፎቿን ወደ ላይ ገለበጠች። ወደ ታች ገለበጠች። ሄደች።

ኃይለማርያም ባለበት ቀረ።

«ይቅርታ፣ አሁን ያደረገችው ምንድን ነው?» ብሎ አሮጊቷን ጠየቃት።

አሮጊቷ ሳቀች። የዚህ ከተማ ሰው አይደለህም እንዴ አለችው። እጄ ላይ ምንም አልያዝኩም ብለው ለካሜራው የሚያሳዩበት ነው፤ ሁሉም ዲለር ከጠረጴዛ ሲነሳ ያደርገዋል፤ ስለለመዱት ቤታቸው ከራት ሲነሱም የሚያደርጉ አሉ።

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። ይሄኛው ግን የሌባ አመል አልነበረም። የእንጀራ አመል ነበር። ፑንታ ሴካ ላይ ያንን ምስል ካዩት መሃል ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወይዘሮ ፋንታዬ ካዚኖ አይገቡም። ናርዲ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። አድናን ሃይማኖቱ ይከለክለዋል። ኃይለማርያም ደግሞ አልገባም ብሎ ሲኮራ ኖሯል። የቀረው ካዚኖ ውስጥ በዲለርነት የሚሠራው ዳጊ ነው። ኩራቱ ንጹሕ ሰው እንዳስወነጀለው አሁን ገባው፤ ከዚያ ቦታ እንዴት እንደወጣ አያስታውስም።

ዳጊን ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ ጀርባ ቀጠረው። ዳጊ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ጥቁር ሱሪውንና ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ታክሲው ውስጥ ገባ። ኃይለማርያም ሞተሩን አጠፋ።

«ከጠረጴዛ ስትነሳ እጅህን ምን ታደርጋለህ?»

ዳጊ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከተታቸው። 

«ሳደርገው አላወቅሁም፣ ጋሽ ኃይሌ። ቪዲዮውን ስታሳዩን ነው ያየሁት።»

«ስልኩስ?»

«ባሕር ውስጥ። ለበረዶ ስሄድ ከጀልባ መቆሚያው ላይ ወረወርኩት።»

«አድናን ሻንጣውን ሲገለብጥ አንተ የት ነበርክ?»

«አጠገቡ።»

«ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገም። ዳጊ ራሱ ተናገረው። በኅዳር ውሃ ሊገዛ ሱቅ አልሄደም። አሸዋው ላይ ነበር፤ የሊውልን ስልክ ይዞ እሱን እየቀረጸ። ሊውል ውሃ ይፈራል። ዳጊ ነው ግባ ግባ ያለው። «ለእማማ ምን ልናሳያቸው ነው፣ እግርህን ነው?» ብሎ ቀልዶበታል። ሊውል ገባ። እስከ ደረቱ ደረሰ። እጁን አውለበለበ፤ ሳቀ፤ ዳጊም ሳቀ። ጠለቀ፤ ወጣ። ደግሞ ጠለቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ሁለቱም ከልጅነታቸው ሲሰሙ ያደጉት ነው።

«ሲጫወት መሰለኝ። እየሳቅሁ መቅረጼን ቀጠልኩ። ድምፄ ይሰማል፣ ጋሽ ኃይሌ። እሱ እየሞተ እኔ ስስቅ ይሰማል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገባኝ። ግን መጀመሪያ ስልኩን ጫማው ውስጥ አስቀመጥኩት። አሸዋ እንዳይገባበት ብዬ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ዋና አልችልም። እስከ ጉልበቴ ገባሁና ተመለስኩ። ሰው ልጠራ ሮጥኩ። ስመለስ ባሕሩ ጸጥ ብሏል።»

 ኃይለማርያም የተናደደው በልጁ ይሁን በራሱ አላወቀውም። ስልኩን አውጥቶ ለአድናን ደወለ፤ ዳጊ እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረገው። የሆነውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረው። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ አለው።

አድናን እስኪጨርስ አዳመጠ።

«ለእኔ አይንገሩኝ» አለ። «እኔ አለመስረቄን ድሮም አውቃለሁ። በረንዳው ላይ ለነበሩት ይንገሯቸው።»

«እነግራቸዋለሁ። አንተስ ይቅር ትለኛለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሽ ኃይሌ» አለ አድናን፤ ስልኩም ተዘጋ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ኃይለማርያም ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሰንራይዝ ማነር ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ናርዲ በሩን ከፈተች። ወይዘሮ ፋንታዬ ሶፋው ላይ ነበሩ። ዳጊ እንደገባ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ኃይለማርያም ነገሩን ሊያስረዳ ጀመረ፤ ስለ ዲለሮች እጅ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ አድናን ንጹሕነት። ናርዲ አድናን የሚለውን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ሴትዮዋ ግን ዓይናቸውን ከዳጊ አላነሱም።

«አንተ እንደቀረጽከው አውቃለሁ» አሉት።



«በዚያ ጠዋት ሲደውል፣ ዳጊ ይቀርጸኛል ነው ያለኝ። ስልኩን ሌላ ማን ሊይዝለት ነው? ሱቅ ሄጄ ነበር ስትል ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አለ ኃይለማርያም።

«እሱ እንዲነግረኝ ነዋ። ልጅ ነው፣ ፈርቷል አልኩ። ሲያየው ይወጣለታል ብዬ ባሕሩ ድረስ ይዤው ሄድኩ።» እጃቸውን ዳጊ ራስ ላይ ሊያሳርፉ ዘረጉና ሰበሰቡት። «ሞኝ። አንተን ላጋልጥበት መሰለህ? ልጄን ላየው ነበር። ሳቁን ልሰማበት ነበር። የአንተማ ሳቅ ቢሰማ ምን አለበት? አብራችሁ አይደል የሳቃችሁት።»

ዳጊ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ።

«አድናንን ግን እኔም በድዬዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀን በረንዳው ላይ አንተን ጠርጥሬ ነበር። አፌን ከፍቼ መለስኩት። ያኔም ራሱ ይናገር ብዬ ጠበቅሁ። የሰው ልጅ ስም እየጠፋ መጠበቅ አልነበረብኝም። ነገ ደጁ እሄዳለሁ።»

ዳጊ ለሪቬራ ደውዬ እውነቱን አስመዘግባለሁ አለ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ወይዘሮ ፋንታዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ ለመንግሥት ነው። ለእኔስ?»

ዳጊ ቀና አለ። የሚሰጣቸው ነገር አልነበረውም። ሁሉም ያውቃል።

«ያንን ቪዲዮ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ተነሥ፣ እዚህ ተቀመጥ። ንገረኝ። ሲገባ ምን ለብሶ ነበር?»

«ሰማያዊ ካናቴራ፣ እማማ። አላወልቅም አለ፤ ፀሐዩን ፈርቶ።»

«ከዚያስ?»

«ውሃው ይሞቃል አለ። እንዲህ ይሞቃል ብለህ ንገርልኝ አለ።»

«ከዚያስ?»

ዳጊ ነገራቸው። እጁን እንዴት እንዳውለበለበ፣ አንዲት ፍየል ከቁልቋሉ መሃል ወጥታ ስታየው ምን ብሎ እንደቀለደባት፣ ስማቸውን ጠርቶ «ታይኛለሽ ወይ?» እንዳለ። ወይዘሮ ፋንታዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አሉ። ናርዲ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ኃይለማርያም በሩ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን ያሻሻል፤ ድሮ ወንጀለኛ ሲይዝ የሚሰማው ነገር ዛሬ አልመጣለትም።

«ከዚያ ሳቀ» አለ ዳጊ። «ሳቀና ጠለቀ። ከዚያ...»

«እዚህ ላይ አቁም» አሉት።

ዓይናቸውን ገለጡ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ልጁን አዩት።

«ነገ ከሥራ ስትወጣ ትመጣና ከመጀመሪያው ትነግረኛለህ።»